ባለ ሦስት ቁልፉ በር

ሰው ቁልፍ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ይወፍራል፣ አረማመዱም ይለወጣል። እኔ አንዲት ቁልፍ በተሰጠችኝ ዕለት ከአስኮ ወደ ዓለም ባንክ በታክሲ ስመጣ ሁለት ጊዜ ኪሴን ዳብሻለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ በጥርጣሬ አይቻለሁ፣ ረዳቱንም «ቀስ በሉ፣ ኃላፊነት ይዣለሁ» ብዬዋለሁ። ረዳቱ «ጠጋ በል» ነው ያለኝ። እንግዲህ የዚችን ቁልፍ ጣጣ ልንገራችሁ። ብትስቁብኝም ግድ የለም፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ከምቃጠል ይሻላል።

ለማታውቁኝ፣ ዓለም ባንክ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። ሥራዬ ጥሩ ነው ይባላል፤ የሚለው ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጀማሪ ሳለሁ፣ ለእናቴ ከብት ቤት የሠራሁላትን የብረት በር በሬው በቀንዱ ብድግ አድርጎ አውልቆት፣ ራሱ ጎረቤት ጤፍ ውስጥ ሲግጥ ተገኝቷል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን ታነሳብኝ ነበር። እኔ እስካሁን የምወቅሰው በሬውን ነው።

ኮልፌ ውስጥ ደግሞ የአገር ቤት ልጆች ማኅበር አለን። አገራችን የት እንደሆነች ብነግራችሁ ሊቀመንበራችን «ያለ ጉባኤ ውሳኔ ስማችንን አወጣህ» ስለሚሉኝ ይለፈኝ። ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ በትዕግሥት የሚደረስበት ቦታ ነው ብላችሁ ያዙት። ጤና ጣቢያ አለው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሲስተር ሰላም የምትባል አንዲት አዋላጅ አለችው። ችግሩ እናቶቹ ያሉት ወንዝ ማዶ፣ ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ምጥ ሲጀምራቸው በቃሬዛ ይወርዳሉ። አንዳንዷ ትደርሳለች፣ አንዳንዷ መንገድ ላይ ትወልዳለች፣ አንዳንዷን ደግሞ ይዘዋት ይመለሳሉ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ከሞላማ ጭራሽ የሚሻገር የለም።

እኛም ሰው ነንና አሰብን። በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ እንሥራ ተባለ። ቀናቸው የደረሰ እናቶች አስቀድመው መጥተው እዚያ ይተኛሉ፤ ምጡ ሲመጣ ሲስተር ሰላም አሥር እርምጃ ተራምዳ ትደርስላቸዋለች። እውነቴን ነው፣ ማኅበራችን አስቦ ከሚያውቀው ሁሉ ይቺ ሐሳብ ደህና ነበረች። ቤቱ ቆመ፣ ስድስት አልጋ ገባ፣ ፍራሾቹ ከነላስቲካቸው ተነጠፉ። በሩን እኔ በነፃ ሠራሁ። ላሜራው ወፍራም ነው፤ በሩን የገጠምኩት ራሴ ሄጄ ነው፤ ገጥሜ ስጨርስም ለተሰበሰበው ሰው በቡጢ እየደበደብኩ «ይሄን ታንክ አይከፍተውም» ብዬ ፎክሬያለሁ።

ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ተጠራ። እስኪመረቅ ድረስ ቁልፉን ማን ይያዝ? ለሲስተር ሰላም ይሰጣት ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ሁላችንም እንደ ሕፃን አየነው። ሳይመረቅ ቢገቡበትስ? ፍራሹ ቢቆሽሽስ? ክቡር እንግዳው መጥተው ሰው የተኛበት አልጋ ሊያዩ ነው? ይሄኔ አንድ ሰው ብድግ አለና፣ እንደ እድር ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር ይደረግለት፣ ሦስት ሰው ሦስት ቁልፍ ይያዝ፣ አንዱ ያለ ሁለቱ መክፈት አይችልም አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የእድር ሣጥን ለምን ሦስት ቁልፍ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እርስ በርስ ስለማንተማመን ነው። ይሄ ለሣጥን ይሠራል። ሣጥን አያምጥም። ይቺን ማሰብ ግን በዚያን ዕለት ለማናችንም አልመጣልንም። አንዱን ቁልፍ ሊቀመንበሩ ጋሽ ደሳለኝ ወሰዱ፤ አስኮ ነው ቤታቸው። ሁለተኛውን ተቆጣጣሪያችን እትዬ ዘነበች ያዙ፤ ጦር ኃይሎች የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሦስተኛው ለእኔ፣ ለንብረት ክፍሉ። በሩ አገር ቤት፣ ቁልፎቹ ሦስቱም ኮልፌ። በዚህ ላይ ለጤና ጣቢያው ጥበቃ ለጋሽ ሁሴን ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ «ጓጉንቸሮቹን የነካ ማንኛውም ሰው ለሕግ ይቅረብ» የሚል። ከሥሩ የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ምረቃው መጀመሪያ ለጥቅምት ተቀጠረ። ክቡር እንግዳው ድንገተኛ ስብሰባ ገባባቸው። ለኅዳር ተባለ፤ ሥልጠና ሄዱ። ከዚያ ጭራሽ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ይሄ ቀላል ይመስላችኋል፣ ግን ስማቸው እብነ በረድ ላይ ተቀርጿል። «በክቡር እገሌ ተመረቀ» ይላል ድንጋዩ፤ ከሥር በትንሹ የጋሽ ደሳለኝም ስም አለ። ጋሽ ደሳለኝ ሁለት መፍትሔ አቀረቡልን። ወይ አዲስ ድንጋይ እናስቀርጻለን፣ ወይ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ባለሥልጣን እንፈልጋለን። ሁለተኛውን አንድ ወር ሙሉ ፈልገናል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ ገባ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄው ነው።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቄን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ሰላም ናት። ታናሽ እህቴ ድንቅነሽ ከእሑድ ጀምሮ ጤና ጣቢያው መጥታ፣ ካርድ ክፍል አግዳሚ ላይ እየተኛች ነው አለችኝ። ቀኗ ደርሷል። ትናንት ማቆያው በር ፊት ለፊት ተቀምጣ ጓጉንቸሮቹን ስትቆጥር ውላለች።

«ባሏ ዓርብ ለገበያ ይወርዳል» አለችኝ ሲስተር ሰላም። «እስከዚያ ክፍሉ ካልተከፈተ ይዟት ይመለሳል፤ አግዳሚ ላይ ስትከርም ማየት አይችልም። ወንዙ ደግሞ መሙላት ጀምሯል። ከተሻገረች እኔ አላገኛትም።»

ድንቅነሽ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በቃሬዛ እያወረዷት ነበር፤ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሕፃኑ ሞተ። እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። እኔ ያኔ እዚህ ብየዳ ላይ ነበርኩ፤ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። የማቆያውን በር በነፃ የሠራሁት ለአገር ልማት ነው ብል ውሸቴን ነው። ለእሷ ነው የሠራሁት፤ ሠርቼም የዘጋሁት በእሷ ላይ ነው።

ጓጉንቸሩን ስበሪው አልኳት። ጋሽ ሁሴን ደብዳቤውን ደረት ኪሳቸው ይዘው በሩ ሥር እንደሚቀመጡና የፊደል ሰው ባይሆኑም በቃላቸው እንደሚያውቁት ነገረችኝ። ደውዬ ልንገራቸው ስል፣ ደብዳቤ የሚሻረው በደብዳቤ ነው ማለታቸውን ጨመረችልኝ። ይሄን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

በቀጥታ አስኮ ሄድኩ። ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚጠይቁ ናቸው። ብቻ አንድ ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የተፈጠረ አይመስላቸውም። ምሳ አቀረቡልኝ፣ ስለ እህቴ ስነግራቸው እንባቸው መጣ፣ እንባቸውን ጠረጉና «ማመልከቻ ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ለማን? ለኮሚቴው። የኮሚቴው አባላት እነማን ናቸው? እሳቸው፣ እትዬ ዘነበችና እኔ። ለኮሚቴው የሚመጣ ወረቀት የሚቀበለው ማነው? ንብረት ክፍሉ፤ እኔ። ስለዚህ የራሴን ማመልከቻ ከራሴ ተቀብዬ፣ «ደርሶኛል» ብዬ ፈርሜ፣ ቁጥር ሰጥቼ ለሊቀመንበሩ መራሁት። ጋሽ ደሳለኝ መነፅራቸውን አድርገው እኔን አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው አነበቡና ጫፉ ላይ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ» ብለው ጻፉበት። ስብሰባው መቼ ነው ብላቸው ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ አሉ። ምልዓተ ጉባኤው ሦስታችን ነን። ሁለታችን እዚያው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠናል።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ምጥ እኮ ቀጠሮ አይቀበልም» አልኳቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ልጄ።»

ስለ ቸኮለችው ተተርቷል። ስለ ዘገየችው ግን ተረት ሰምቼ አላውቅም፤ ምናልባት መጥታ የምታወራልን ስላልተረፈች ይሆናል። ይሄን በልቤ አልኩና ወጣሁ።

እትዬ ዘነበችን ፍለጋ ጦር ኃይሎች ስሄድ ሱቃቸው ዝግ ነው። ጎረቤታቸው የጾም ጸሎት ይዘው ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑና ስልካቸውንም እንዳጠፉ ነገረችኝ። በማግሥቱ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያናቸውን ጠያይቄ አገኘሁት። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚቆም እንኳ አላውቅበትም። በር ላይ አንድ ጨዋ ሰው በፈገግታ ተቀብሎ ወደ ፊት አስቀመጠኝ። ወደ ኋላ ማለት የፈለግሁት እኔ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ራሴን አገኘሁት። ቀጥሎ ምን ችግር እንደገጠመኝ በጆሮዬ ጠየቀኝ። የተዘጋ በር አለብኝ አልኩት፣ እውነቱን። ሰውዬው ራሱን በሐዘን ነቀነቀና ወደ መድረኩ ሄዶ አንሾካሾከ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። አንድ መቶ የሚሆን ሰው እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ የወንድማችን የተዘጋ በር ይከፈት እያለ ጸለየ። አፈርኩ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ግን ደግሞ ጉዳዩ በትክክል ጉዳዬ ነው። ድንቅነሽ ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። አሜን ሲባል ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች የጮኸውን ሰው ለማየት ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ደጅ ወጥተን ስነግራቸው ሰነፍ ተማሪ እንደያዘ አስተማሪ ነው የተቆጡኝ። ሰኞ ተደውሎልህ ማክሰኞ ትነግረኛለህ? አሉ። ለወላድ ስብሰባ ይጠራል? አሉ። ቦርሳቸውን ከፍተው ቁልፉን ሊሰጡኝ ሲሉ ግን አሥራ አንድ ቁልፍ ያለበት ጥምር አወጡ፤ የሱቁ፣ የቤቱ፣ የቁም ሣጥኑ፣ አንዳንዱንማ የምን እንደሆነ እሳቸውም ረስተውታል። የማቆያው የትኛው እንደሆነ አላወቁትም። ሁሉንም ይዘህ ሂድ፣ እኔ ሱቄን ሳልከፍት እቆያለሁ አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው በማኅበራችን ውስጥ አንድ ብቻ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ለሲስተር ሰላም ደወልኩ። ስልኩ አይነሳም፤ ቆይቶም ጭራሽ አይጠራም። አገር ቤት ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህቴ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች የማውቀው ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። አጀንዳው ተነበበ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ የተረሳ ነጠላ ሰረዝ ታረመ። እኔ ወንበሬ ላይ እንደ እሳት እየነደድኩ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ሥጋታቸውን አስረዱ። አንድ ጊዜ ከተከፈተ መዝጋት ያስቸግራል፤ ዛሬ እህትህ፣ ነገ የሌላው እህት እየተባለ ምረቃው ሳይደርስ እናት ይሞላበታል። የእናቶች ማቆያ እናት እንዳይሞላበት የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እትዬ ዘነበች ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ባለቤትዎ አራቱን ልጆች ስትወልድ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ነበረው?»

ከጓዳ የባለቤታቸው ሳል ተሰማ። ጋሽ ደሳለኝ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱና ውሳኔው እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፤ ክፍሉ ለአንዲት ወላድ፣ በአንድ አልጋ ብቻ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ፣ በጊዜያዊነት ይከፈት። ተጠቃሚዋም ክቡር እንግዳው ከመምጣታቸው በፊት ተገላግላ ትውጣ። ሦስታችንም ፈረምን። ለጋሽ ሁሴን የሚሰጥ የመሻሪያ ደብዳቤም ተጻፈ። ጋሽ ደሳለኝ ቁልፋቸውን ፖስታ ውስጥ አሽገው ማኅተም መቱበትና እንደ ልጃቸው ደጋግመው አደራ አሉኝ።

ሁለት ቁልፍ በእጄ ገባ። የቀረው የእኔው ነው። ሐሙስ ማለዳ ልሄድ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ታገሡኝ። ቁልፌን መጀመሪያ አንገቴ ላይ አሥሬያት ነበር። ሚስቴ ክታብ ይመስላል አለችኝ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያዝኳት፤ ሱሪ ሲታጠብ ወጣች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥቼ «ይቺን ደህና ቦታ ላስቀምጣት» አልኩ። ደህና ቦታ የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። እኛ ቤት ደህና ቦታ የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም፤ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የውኃ ካርዳችን፣ የአማቴ ጥርስ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ፍራሽ ገለበጥኩ፣ ቆርቆሮ ሣጥን ደፋሁ፣ ሱቄ ሄጄ የብየዳ ዘንግ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሐሙስ እንዲህ አለቀ። ሰው ሁሉ ቁልፉን አምጥቶ፣ በሊቀመንበሩ ላይ ሲያጉረመርም የከረመው ሰውዬ የራሱን ጠፋበት። 

በመጨረሻ ብረት መቁረጫ ሴጌቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የራሴን ጓጉንቸር በራሴ እጅ እቆርጣለሁ አልኩ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ አየ፤ አሥራ አንድ ቁልፍ ያለው ጥምር፣ በፖስታ የታሸገ አንድ ቁልፍ፣ የብረት መጋዝ፣ መለዋወጫ ምላጭ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ሥራህ ምንድነው ሲለኝ በር እሠራለሁ አልኩት። ጓደኛውን ጠራ። ብዙ ማስረዳት አያዋጣም ብዬ ቃለ ጉባኤውን ሰጠሁት። «ላስቲኩ ሳይነሳ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለቴ አነበበው፣ ለጓደኛውም አነበበለት። ከዚያ ቦርሳዬን ራሱ ዘጋልኝና እግዚአብሔር ይርዳህ ወንድሜ አለኝ። በሌብነት ቢጠረጥረኝ ነበር የሚሻለኝ።

በዚህ መሀል የመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። ሁለተኛው ሞልቶ እስኪነሣ ፀሐይ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ሳለሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ባሏ ለገበያ ወርዷል፣ ይዟት ሊመለስ ነው። ከሞተር ሳይክሉ ወርጄ በጭቃው ስሮጥ ወንዙ በሩቁ ይሰማኛል። እናቴን ጠራሁ፣ ማርያምን ጠራሁ፣ ጋሽ ደሳለኝን ግን እዚህ በማልጽፈው ስም ጠራሁ።

ግቢው ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ድንቅነሽ ትቀመጥበታለች ወደተባለው ቦታ ነው። የለችም። ቀጥሎ ማቆያውን አየሁ፤ በሩም የለም። በበሩ ቦታ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ለምረቃው አሳትመን ከፍራሾቹ ጋር አስቀድመን የላክነው ነው፤ «ክቡር እንግዳችን እንኳን ደህና መጡ!» ይላል፣ በነፋስ እየተውለበለበ። በሩ ደግሞ፣ ያ ታንክ አይከፍተውም ያልኩት፣ አራት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ አግዳሚ ሆኗል። የእህቴ ባል ተቀምጦበት ቆሎ ይበላል። ሦስቱም ጓጉንቸሮች ከነመያዣቸው ከጎኑ ተንጠልጥለዋል፤ አንዳቸውም አልተከፈቱም፣ አልተጫሩም።

ሲስተር ሰላም ባነሩን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች።

«ዘገየህ» አለችኝ። «ክቡር እንግዳው ትናንት ከሰዓት ገብተዋል። ሦስት ኪሎ ተኩል ይሆናሉ።»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ድንቅነሽ ጥግ ያለው አልጋ ላይ፣ ላስቲኩ የተነሳለት ፍራሽ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። በሌሎቹ አልጋዎች ላይ አራት እናቶች፣ ሆዳቸው ከፊታቸው ተቆልሎ፣ እኔን እያዩ ይሳሳቃሉ። እንኳን ማርያም ማረሽ ልላት ፈልጌ ነበር፤ የወጣልኝ ለቅሶ ነው። ካለቀስኩ በኋላ በሩን ማን ከፈተው አልኳት።

«ማንም አልከፈተውም» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት፤ ጓጉንቸሩን ሳይሆን በወዲያ ጎን ያለውን። የእማዬ ከብት ቤት በር ነው እኮ ጋሼ፣ ማጠፊያው ያው ነው። ለሲስተር፣ የወንድሜን ሥራ አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል፣ ከሥር ብድግ አድርጉት አልኳት። በሬው ያወለቀውን ሰው ያቅተዋል?»

ወጥቼ ማጠፊያዎቹን አየኋቸው። እውነት ነው። እንዲህ ያለ በር ከተሰቀለ በኋላ ከማጠፊያው በላይ አንዲት መያዣ ብረት ትበየድበታለች፤ እሷ ከሌለች በሩ ከሥር ሲነሳ ውልቅ ይላል። ይቺን ብረት ዛሬም እንደ ያኔው ረስቻታለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ስንት ደንበኛ ካታለልኩ በኋላ፣ እህቴን ያተረፋት ጥሩ ሥራዬ ሳይሆን መጥፎው ነው። በሬውንም ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ከታረደ ቆይቷል።

በሩን ያወለቁት ሲስተር ሰላም፣ የካርድ ክፍሏ ልጅና ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ሁሴን። ደብዳቤውስ ብላቸው ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ደብዳቤው የሚለው ጓጉንቸሮቹን የነካ ነው፣ ጓጉንቸሮቹን የነካ ሰው የለም፤ ስለ ማጠፊያ የተጻፈ ነገር ካለ አንብብልኝ አሉኝ። የመሻሪያ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። እሱንም ከፊተኛው ጋር ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ያወለቁት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። እኛ ረቡዕ ነጠላ ሰረዝ ስናርም እህቴ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነበር።

ተመልሼ ሪፖርት አቀረብኩ። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ጋሽ ደሳለኝም ደስ አላቸው፤ የልጁን ስም ጠየቁ፣ ጡት ያዘ ወይ አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጓጉንቸሮቹስ አሉኝ። አልተነኩም ስላቸው እፎይ አሉና ቃለ ጉባኤውን ሳቡ። «የበሩ ማጠፊያ መያዣ ባስቸኳይ ይበየድ፤ ፈጻሚ ንብረት ክፍል» ተብሎ ተወሰነ። ሕግ ነውና ፈረምኩ።

ይሄ ከሆነ ቆየ። ምረቃው ገና ነው፤ የድንጋዩ ጉዳይም አልተቋጨም። ወንዝ ማዶ ያሉት ሴቶች ግን ቀናቸው ሲደርስ ባነሩን ገልጠው ይገባሉ፣ ታቅፈው ይወጣሉ። ጋሽ ደሳለኝ በየስብሰባው ብየዳው ከምን ደረሰ ብለው ይጠይቁኛል። እኔም እዚያ መብራት የለም፣ ያለ መብራት አይበየድም እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ መብራት የለም። ለመንገድ ሥራ ይዤው የምሄድ ጄኔሬተር እንዳለኝ ኮሚቴው አያውቅም። አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁኝም ችግር የለም፤ ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ።